በትንፋሽ «አዎ» ብዬ የገባሁበት ጉድ

ዛሬ ሙሉ ጤነኛ ሆኜ፣ በሰው ቢሮ ውስጥ፣ ጎማ ባለው ወንበር እየተገፋሁ «መንገድ ልቀቁ፣ ታማለች!» ተብሎልኛል። ቁጭ በሉና ስሙኝ!

ለማታውቁኝ፣ ኩዌት ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ። አርዲያ ሰፈር ካለ መጋዘን የስቶክ፣ ማለትም የዕቃ ቆጠራ ሥራ ወጣና ለማዳም ነገርኳት። «ፈተናውን ካለፍሽ ተናዙል እፈርምልሻለሁ፤ ከወደቅሽ ግን ይሄን ወሬ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ!» አለችኝ።

ተናዙል ወደ ሌላ አሠሪ መዛወሪያ ወረቀቴ ነው። እሷ ካልፈረመች ንቅንቅ የለም!

አጠናሁ። እንዴት እንዳጠናሁ ብታዩ! አርብ አርብ አባሲያ ሰፈር፣ ከፌሎሺፕ ጸሎት በኋላ ጓደኛዬ ምሕረት የስልኳን ታይመር ከፍታ ታፋጥጠኛለች። «ሁለት፣ ስድስት፣ አሥራ ስምንት፣ ቀጥሎስ?» ሰኞ ደግሞ ኩሽና ውስጥ ሩዝ እያጠብኩ ብቻዬን «ሃምሳ አራት!» ብዬ እጮሃለሁ። ማዳም ሰምታኝ «መጅኑና!» ብላለች። አበደች ማለቷ ነው።

የጽሑፉን ፈተና ግን በላሁት! አራት ደቂቃ ሲቀረኝ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ላብ ያጠምቀዋል።

ከዚያ የቃል ፈተና መጣ።

ፈታኙ ፂማቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ህንዳዊ ናቸው። «እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ?»

«ህእ!»

ያቺን ታውቋት የለ? ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንላትን! ደንግጬ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋብኝና እሷው አመለጠችኝ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ አሉ!

«በፈረቃ ትሠሪያለሽ?» ህእ! «ካርቶን ታነሺያለሽ?» ህእ! ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። «ደህና ነሽ?» ህእ! ጠጋ አሉና «አስማ?» አሉኝ።

ጉዴ የፈላው እዚህ ጋ ነው። እኔ ስድስት ዓመት በዓረብኛ «ኢስማዒ!» ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «ስሚ!» ማለት ነው። «እየሰማሽ ነው?» ያሉኝ መስሎኝ፣ እንዳይቀየሙኝ ደህና አድርጌ ሳብኩት። ህእእእ!

ለካ አስም አለብሽ ወይ ማለታቸው ነው!

ዘለው ተነሱ። ውሃ መጣ። ጎማ ያለው ወንበር መጣ። በኮሪደሩ ስገፋ ተፈታኞቹ በሙሉ ቆመው ያዩኛል፤ ያ ላብ ያጠመቀው ሰውዬማ ከንፈሩን መጠጠልኝ! ነርሷ ጣቴ ላይ መለኪያ ሰካችና «ሳንባሽ ከኔ ይሻላል» አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። «ዚስ ኢዝ የስ! ኢትዮጵያን የስ!» ብዬ ጮህኩ። እስኪ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ፈተናው ቀጠለ። ሲያልቅ ፈታኙ ወረቀቶቼን አገላበጡ፤ እኔም እንደ ምንም ብዬ «ሰር፣ አለፍኩ?» አልኩ።

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ።

አለቀልኝ! ተናዙሌም ቀረ፣ ማዳምም ሳቀችብኝ ብዬ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰውዬው ደነገጡ። «ኖ ኖ! ዚስ ኢዝ የስ! ኢንዲያን የስ!»

አልፌያለሁ! ከሁሉም አንደኛ! ስድስት ዓመት የባቃላው፣ የሰፈራችን ሱቅ ህንዳዊ ራሱን እየወዘወዘ ዳቦ ሲሸጥልኝ ኖሮ እንዴት ይጠፋኛል? የሰውን «አዎ» ሳላውቅ በራሴ «አዎ» ወንበር ላይ ተገፋሁ!

ቤት ስደርስ ማዳም በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አለፍሽ ወይ አለችኝ። ያው ታውቁኛላችሁ፦ ህእ!

እሷ አስም አላለችም። ወዲያው ገባት። ዓይኗ ውሃ ሞላ። እየፈራሁ «ማዳም፣ ትፈርሚልኛለሽ?» አልኳት።

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። «ህእ!»

የኩዌት ማዳም! በአማርኛ ትንፋሽ! ስድስት ዓመት እኔ ዓረብኛ ተማርኩ ስል፣ ለካ ማን ነው ማንን ሲያስተምር የከረመው?