ባልሽን ይዘሽ ነይ

ቢሮ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ሥራውን አይደለም፤ ባለጉዳይ መመለስን ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ተመልሳችሁ ታውቃላችሁና። «ነገ ና» የጀማሪ ነው። ትንሽ የበሰለው «ፎቶግራፍ ይጎድላል» ይላል። ከሁሉም የረቀቀው ግን ባለጉዳዩን ይዞት ሊመጣ የማይችለውን ሰው ይዞ እንዲመጣ ማዘዝ ነው። ጥፋቱ የራሱ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፣ እናንተም ወንበራችሁ ላይ ትረጋላችሁ። እኔ በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ፤ በዚህ ጥበብ የሚስተካከለኝ አልነበረም። መርጋቱ ብቻ አልሆነልኝም።

አንድ ቀን ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። መንግሥት ረዳት ለሌላቸው አካል ጉዳተኞች የክፍል ኪራይና የቀለብ ድጎማ መድቧል ይላል። ከደብዳቤው ጋር ፎርም ተያይዟል፤ በፎርሙ ግርጌ ደግሞ «የቤተሰብ ኃላፊ ፊርማ» የሚል መስመር አለ። ቤተሰቡ ተለይቶ እንዲኖር ተስማምቻለሁ ብሎ ካልፈረመ ድጎማ የለም ማለት ነው።

መጀመሪያ የመጣችው አስናቀች ናት። አስናቀች ዓይነ ስውር ናት፤ ባሏ ግርማ የመጋዘን ጠባቂ ነው። ግርማ ይማታል። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ጩኸቷን ሰምተን ሬዲዮ ከፍ የምናደርገው እኛ ነንና። ሰፈሩ ያላወቀውን ግን ያን ቀን ከራሷ ሰማሁ። እጁ ሲደክመው የቤቱን ዕቃ ቦታ ይለዋውጥባታል፤ በርጩማውን በሩ ላይ፣ ጀሪካኑን መተላለፊያው ላይ ያደርገዋል። ትወድቃለች። «ወደቀች» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ወድቃለች። የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ዕቃው ካስቀመጠችበት የማይነሳባት አንዲት ክፍል።

አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቼ አሻራዋን ተቀበልኩና ፎርሙን ወደ ታች አየሁት። «ባልሽን ይዘሽ ነይ፣ ይፈርምልሽ» አልኳት።

በሳምንቱ መጣች። ባልሽን ይዘሽ ነይ። በሦስተኛው ስትመጣ ክንዷን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ምን ሆነሽ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ያንኑ ቃል ደገምኩላት፣ ድምፄን ብቻ ዝቅ አደረግሁ። ድምፅ ዝቅ ማድረግ ከደግነት የሚቆጠር ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ የቀትር እንቅልፌ ጠፋ። የድሬን ቀትር የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ጋደም እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ለጥላ ዞሬ እመለሳለሁ፣ ፎርሙን ከመሳቢያ አውጥቼ መልሼ እከታለሁ። በመጨረሻ ጉዳዩን ለወይዘሮ ፋጡማ ነገርኳት። ፋጡማ የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር ናት፣ ከፊራ ገበያ ሽርጥ ትሸጣለች።

«ሰውየውን በስንት ሰዓት ጠየቃችሁት?» አለችኝ።

«ማንም አልጠየቀውም።»

«ወላሂ አንተ ድሬ አልኖርክም» ብላ ፎርሙን ከእጄ ወሰደችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ ከተማ ቀትር ላይ ቢሮው ይዘጋል፣ ወንዱ ለበርጫ ይቀመጣል። ጫቱ ተቅሞ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ምርቃና ሲመጣ ቆንቋናው ሰው ቸር ይሆናል። ለጎረቤቱ ፎቅ ይሠራል፣ የተጣላውን ይቅር ይላል፣ ለሚስቱ ወርቅ ይገዛል። ሲመሽ ሁሉንም መልሶ ይወስዳል። የድሬ ሴት ከባሏ የምትፈልገውን በስንት ሰዓት እንደምትጠይቅ የሚያስተምራት አያስፈልጋትም።

እኔም ማኅተሙን በኪሴ ይዤ ተከተልኳት። ግርማን ከጓደኞቹ መሐል ትራስ ተደግፎ አገኘነው። ፋጡማ ምንም አልደበቀችውም፣ ፎርሙን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችለት። «ተለይታ እንድትኖር ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ ማኅተሙን ከኪሴ አወጣሁ።

«ለአስናቀች የማልፈርመው ምን አለ አቦ?» አለ ግርማ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት። ፈረመ። ፊርማው ሳይደርቅ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ማኅተሙን መታሁበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፋጡማ አስናቀችን ከከተማ ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ፣ በራሷ በፋጡማ አክስት ግቢ አስቀድማ የተከራየችላት ክፍል አደረሰቻት።

ጠዋት ቢሮ ስደርስ ግርማ በሩ ላይ ቆሟል። «ያ ወረቀት ይሰረዝ» አለኝ። እጁን አየሁት፣ ትልቅ እጅ ነው። ፈራሁ፣ ምን እዋሻችኋለሁ። የምፈልገው ነገር ሳይኖር መዝገብ ገለጥኩ፣ ከደንኩ። ከዚያ ዕድሜ ልኬን የተካንኩበት ጥበብ ራሱ ደረሰልኝ።

«ይሰረዛል» አልኩት። «የአመልካቿ አሻራ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሚስትህን ይዘህ ና።»

ሦስት ጊዜ ብቻውን ተመላለሰ፤ ያለችበትን የነገረው የለም። በሦስተኛው ራሱም ሰልችቶት ቀረ። ሰፈሩ ጎበዝ አለኝ፣ እኔም ጥቂት ቀን ጎበዝ ሆኜ ሰነበትኩ፤ የቀትር እንቅልፌም ተመለሰ።

የመጀመሪያው ድጎማ የሚሰጥበት ቀን አስናቀች ከፋጡማ ጋር መጣች። ክንዷ ድኗል፣ ግን ትንሽ ጠምሞ ነው የገጠመው። ጣቷን ይዤ ቀለሙን አስነካኋት።

«ያ ባልሽን ይዘሽ ነይ የሚለው ሰውዬ ዛሬ የለም?» አለች።

ፋጡማ አየችኝ። ድምፄን አቅጥኜ «ተዛውሯል» አልኩ።

አስናቀች ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ ጠረገች። «ጥሩ ነው» አለች። «ድምፁን ግን ለአንተ ትቶልህ ነው የሄደው።»