ለአራት ወር ሳልቀሰቅሳቸው የከረምኩት ባክቴሪያዎች

ወገን፣ የዛሬውን ውርደቴን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴው ላውራው!

ለማታውቁኝ፦ ነገሌ ቦረና፣ አንድ የእንስሳት ላብራቶሪ ውስጥ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። የፍየል ሳንባ ከሚጨርስ ባክቴሪያ የተወሰደ፣ አንድ ፕሮቲን የሚያሠራ ጂን አማካሪዬ ይልኩልኛል፤ እኔ ምንም የማይጎዳ የላብራቶሪ ባክቴሪያ ውስጥ አስገባዋለሁ። እሱ ፕሮቲኑን ያመርትልናል፤ በፕሮቲኑ ደግሞ የፍየል በሽታ መመርመሪያ እንሠራለን።

ቀላል ነው አይደል?

አራት ወር ሙሉ ጠብታ ፕሮቲን የለም!

ጥፋተኛው ማን ነው? እኔማ አይደለሁም! መብራቱ ነው። ሙቀቱ ነው። የነገሌ ውሃ ነው። በመጨረሻም ለአማካሪዬ ለዶክተር ሰናይት «የላኩልኝ ጂን አይሠራም» የሚል ኢሜይል ጻፍኩ። ያውም ዲፓርትመንቱን በሙሉ ሲሲ አድርጌ! (ጎበዝ አይደለሁ?)

እሳቸው ታዲያ በሻኪሶ በኩል ባለው ኮረኮንች መንገድ ወገባቸው እስኪቆረጥ ተጉዘው ዛሬ ጠዋት ከች አሉ።

«ችግሩ ዛሬ ካልታወቀ ርዕስ ትቀይራለህ» አሉኝ።

የአራት ወር ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው ማለት ነው!

በዚህ መሃል አባ ጃተኒ ገቡ። ፍየሎቻቸው ሲያስሉ ናሙና የሚያመጡልን ሽማግሌ ናቸው። የቦረናን ሰላምታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰዉም ከብቱም ዝናቡም በየተራ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። መልሱ ደግሞ የፈለገው ቢሆን መጀመሪያ «ናጋ» ነው፤ ሰላም።

«አካም? ናጋ?» አሉኝ፣ እንዴት ነህ ሲሉ።

«ናጋ፣ አባ።»

«እናትህ ናጋ?»

«ናጋ።»

«እነዚያ የምታረባቸው ትናንሾችስ?»

ባክቴሪያዎቹን ነው። ባለፈው እየተኩራራሁ ሥራዬን ከሀ እስከ ፐ አስረድቻቸው ነበር።

«ናጋ።»

«በሉ?»

«በሉ።»

«ሞቃቸው?»

«ሞቃቸው።»

«ያ ሥራ ጀምሩ ብሎ ይቀሰቅሳቸዋል ያልከኝ መድኃኒትስ? ሰጠሃቸው?»

«ና...»

ለካ አልሰጠኋቸውም!

ያለዚያ ኬሚካል ጂኑ ተኝቶ ነው የሚውለው። ይህን ለሽማግሌው ያስተማርኩት እኔው ነኝ!

ስልኬን አወጣሁ። አራት ወር ሙሉ የሠራሁት የአሠራር መመሪያውን ስክሪንሾት እያየሁ ነው። መቀስቀሻውን ጨምር የምትለው የመጨረሻዋ መስመር ተቆርጣ ቀርታለች። ዶክተር ሰናይት ፍሪጁን ከፈቱት።

የመቀስቀሻው ኬሚካል ብልቃጥ እንደታሸገ ነው።

«ጂኑ አይሠራም አልከኝ?» አሉ፣ ቀስ ብለው። ቢጮሁብኝ በስንት ጣዕሙ!

ርዕሴ ተረፈ። አንድ ሳምንት ተሰጠኝ። የይቅርታው ኢሜይልም ዲፓርትመንቱ ሲሲ ተደርጎ ይላካል፤ ዛሬውኑ።

አባ ጃተኒ ግን አልሳቁም።

«ሰባት ፍየል ሞተብኝ» አሉ። «የቀረውም ያስላል። መመርመሪያህ ሲደርስ የታመመውን ከጤነኛው እለያለሁ ብዬ ነበር የጠበቅኩህ።»

እዚህ ጋ ቀልድ አለቀብኝ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። «ይቅር ይበሉኝ አባ» አልኳቸው።

አሁን ባክቴሪያዎቹን ቀስቅሼ አጠገባቸው ቁጭ ብያለሁ። ትምህርቱን ከፈለጋችሁ፦ ስክሪንሾት ስታነሱ እስከ ታች ስክሮል አድርጉ! በራሳችሁ ስህተት ደግሞ ውሃ አትክሰሱ።

ነገ ጠዋት አባ ጃተኒ ተመልሰው ይመጣሉ። እስቲ ንገሩኝ፣ ሰው በምን ዓይኑ ነው «ስንት ፍየል ቀረልዎ?» ብሎ የሚጠይቀው?