የመርዝ ጭነት አደጋ መከላከያ ኮሚቴ ታላቅ ድል

የሚያስብለት መንግሥት ያለው ሕዝብ የታደለ ነው። በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከክፍለ ሀገሩ ወደ ደብረ ታቦር የመጣው ሰርኩላር ይህን ለሚጠራጠር ሁሉ አፍ ማስያዣ ነበር። ሰርኩላሩ በመጀመሪያ፣ ተምች ሰብል እየፈጀ ስለሆነ በአዲሱ መንገድ ፀረ ተምች መርዝ የጫኑ መኪናዎች እንደሚያልፉ፣ መኪና ደግሞ እንደሚገለበጥ፣ መኪናው ከተገለበጠም መርዙ እንደሚፈስ በሰፊው አብራራ። ቀጥሎም አውራጃው እስከ ሰኔ ሃያ ድረስ «በተግባር የተፈተነ የአደጋ መከላከያ ዕቅድ» አዘጋጅቶ እንዲጠብቅ አዘዘ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለዝንጉ ነው። እኛ የምናወራለት የአውራጃው መሥሪያ ቤት ጅቡ ሳይመጣ መጮኽ ስለፈለገ፣ በዚያው ዕለት ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋመ።

ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ የተመረጠው የመዝገብ ቤቱ ዘውዱ ነበር። የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ያምራል፣ ምርጫው ሲካሄድ ደግሞ በቦታው አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ጓድ ጌጡ ነበሩ። ጓድ ጌጡ ፀረ ተምች መርዝ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ዳሩ ግን ስለማያውቁት ነገር ሦስት ሰዓት ሙሉ ውኃ ሳይጎነጩ መናገር የሚችሉ ሰው በመሆናቸው ከእሳቸው የሚሻል አልተገኘም።

የመጀመሪያው ስብሰባ በነፋስ ጉዳይ ላይ ዋለ። ሰርኩላሩ «ሕዝቡ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ይሽሽ» ይላል። ጓድ ጌጡ ይህ ለሥርዓት አልበኝነት በር ይከፍታል ብለው ተቆጡ፤ ነፋስ እንደፈለገው የሚነፍስበት ዘመን ማለፉንም አስታወቁ። ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ፣ በአውራጃው የሚነፍስ ማንኛውም ነፋስ ከጉና ተነሥቶ ወደ ፎገራ እንዲነፍስ፣ ሕዝቡም ወደ ጉና እንዲሸሽ በሰባት ድምፅ ለሁለት ተወሰነ። የተቃወሙት ሁለቱ ፎገራ ዘመድ ያላቸው ናቸው፤ በማግሥቱ ግለ ሂስ አድርገው ተመለሱ። ዘውዱ ውሳኔውን ጽፎ ሳይጨርስ በመስኮት የገባ ነፋስ ወረቀቱን አንሥቶ ወደ ጉና ወሰደበት። ሮጦ ያዘውና ድንጋይ ጫነበት።

ሁለተኛው ስብሰባ ደግሞ የኡኡታን ነገር አየ። እንደሚታወቀው በዚያ አገር አንድ ሰው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ኡኡ ካለ፣ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። ወደ መርዝ መሮጥ ደግሞ አይበጅም። ስለዚህ አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ሆኖ ወጣ፤ «ኡኡ ለማለት የሚፈልግ ማንኛውም ጓድ አደጋው ከመድረሱ ሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ አመልክቶ ማስፈቀድ ይኖርበታል።» አንቀጽ አሥራ አራት፣ መርዙ ወደ ከተማው የመጣ እንደሆነ ነዋሪው በሰልፍ ሆኖ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከተማውን እንዲለቅ ደነገገ። ዕቅዱ አርባ ሁለት ገጽ ሆነና ተጠርዞ ካዝና ውስጥ ተቆለፈበት።

የቀረው በተግባር መፈተኑ ነበር። ጓድ ጌጡ ዘውዱን ቢሯቸው አስጠሩት።

«ሰኔ ሃያ ተቆጣጣሪው ጓድ ማሩ ይመጣሉ» አሉት። «ዕቅዱ ካልተፈተነ አንተ ትፈተናለህ። መተማ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋሉ።»

ዘውዱ ወረታ ሲወርድ እንኳ ራሱን የሚያመው የደጋ ሰው ነው። ባለቤቱ እቴነሽ ደግሞ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ማታ ሲነግራት፣ «ልጄን የሚቀበለው ወባ ነው?» አለችው። ዘውዱ ፈራ፤ እስከ አጥንቱ ድረስ ፈራ።

ሙከራው ገሳይ አጠገብ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ተደረገ። ፀረ ተምች ባለመገኘቱ ሦስት በርሜል በሌላ ነገር መሞላት ነበረበት። ውኃ እንዳይሆን፣ ሰው አያምንም። በመጨረሻ የገሳይዋ ጠላ ነጋዴ ትርንጎ ከሰርግ የተረፋት ጠላ ስለነበር፣ እሱ በጊዜያዊነት መርዝ ሆኖ እንዲያገለግል ተመደበ። የአካባቢው ገበሬ ከየመንደሩ ተሰበሰበ፤ ጓድ ጌጡም ይህ የሚፈሰው ነገር ገዳይ መርዝ መሆኑን፣ ሲፈስም ሁሉም ወደ ጉና መሸሽ እንዳለበት አንድ ሰዓት ተኩል አስረዱ። ከዚያ በርሜሎቹ ተገለበጡ።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይላል ያገሬ ሰው። ስለ ጠላ ያለው ነገር የለም። ሕዝቡ ሽታው እስኪደርሰው ድረስ በአክብሮት ቆመ። ከዚያ እመት አበበች የሚባሉ አሮጊት ከጉያቸው ጣሳ አወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቃለ ጉባኤው ባጭሩ «ሕዝቡ ከመርዙ መሸሽ ሲገባው ወደ መርዙ ሸሸ» ይለዋል። ወደ ክፍለ ሀገሩ በተላከው ሪፖርት ግን «ሰፊው ሕዝብ መርዙን ባጭር ጊዜ ውስጥ በቁጥጥሩ ሥር አውሎታል» ተብሎ ተስተካከለ። አንድም ሰው ባለመሸሹ ጓድ ጌጡ ሰኔ አሥራ ስምንት ሙከራው እንዲደገም አዘዙ፤ ለዘውዱም የመተማን ነገር ደግመው አስታወሱት።

ሰኔ አሥራ አምስት ቀን ዘውዱ ባዶዎቹን በርሜሎች ለድጋሚው ሙከራ ትርንጎ ዘንድ ሊያስሞላ ገሳይ ሄዶ ሳለ፣ እውነተኛ ፀረ ተምች የጫነ መኪና ከደብረ ታቦር በኩል መጣና በዚያው ጠመዝማዛ ላይ፣ ዝናብ ባራሰው ጭቃ ተንሸራቶ ጎማውን ወደ ሰማይ አደረገ። በርሜሎቹ ተንከባለሉ፤ ሁለቱ ተቀደዱ። አፍንጫ የሚቆርጥ ነጣ ያለ ፈሳሽ በቦዩ እየወረደ ገሳይ ወደሚጠጣው ምንጭ አመራ። ሹፌሩ ሙሄ ክንዱ እየደማ በመስኮት ወጣ።

ሰው መምጣት ጀምሯል። ጣሳ የያዘ አለ፣ ገንቦ ያዘለች አለች፤ አንዱማ ባዶ በርሜል በአህያ ጭኖ ነው የመጣ።

«ምን ጭነህ ነው፣ ወንድሜ?» አሉ እመት አበበች።

«መርዝ ነው፣ እናቴ። ወላሂ መርዝ ነው፣ አትጠጉ።»

«እሰይ» አሉና ጣሳቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

ዘውዱ ሮጦ እጁን ዘርግቶ ከፊታቸው ቆመ። «እመት፣ ይኸኛው የእውነት ነው። ይገድልዎታል።»

«ያለፈውንም እንደዚሁ ብላችሁን ነበር፣ ልጄ። እሱን ከጠጣሁ ወዲህ ጉልበቴን አላመመኝም።»

«ሽታውን አይሰሙም?»

«ትርንጎ ጌሾ አብዝታበት ነው።»

ዘውዱ ኡኡ ሊል አሰበ። ማስፈቀድ የነበረበት ግን ከሦስት ቀን በፊት ነው። ማስፈቀዱስ ይቅር፤ ኡኡ ቢል ሌላ ሦስት ደብር ጣሳውን ይዞ ይመጣበታል። አሮጊቷ ከቦዩ አሥር እርምጃ ቀርቷቸዋል። ያን ጊዜ አፉ ከጭንቅላቱ ቀደመና እንዲህ ሲል ጮኸ፤

«ስብሰባ አለ! ማንም ሰው እንዳይቀር፤ ስም ይመዘገባል!»

ከዚያ ገሳይ ተበተነች። ባለ በርሜሉ አህያውን ጥሎ ሄደ፤ አህያውም ቆይቶ ተከተለው። እመት አበበች በዚያ በዳነ ጉልበታቸው አጥሩን ዘለው ከሁሉ ቀድመው ከዓይን ተሰወሩ። መንገዱ ላይ አንዲት ጣሳ ብቻ ስትሽከረከር ቀረች።

ዘውዱና ሙሄ ከመኪናው አካፋ አውጥተው ቦዩን በአፈር ደፈኑት። ፈሳሹ ምንጩ ሊደርስ ሃያ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ዘውዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንድም ሰው አልሞተም፤ ይህን ሲያስብ እንባም ሳቅም ባንድነት መጣበት። ሙሄ ምን ብሎ ሰዉን እንደበተነው ጠየቀው፤ ዘውዱ ነገረው። ሙሄ ብዙ አገር የዞረ ሹፌር ነበርና ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ጓድ ጌጡ ግን ነገሩን በዝርዝር መረመሩ። ዘውዱ ያለ ሥልጣኑ፣ ያለ አጀንዳም ስብሰባ ጠርቷል። ሕዝቡ ስብሰባ ይፈራል የሚል አሉባልታ በተግባር አሳይቷል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ አደጋው ለሰኔ አሥራ ስምንት ተይዞ ሳለ አሥራ አምስት ቀን ሲደርስ ዝም ብሎ መቀበሉ ነው። ስለዚህ ሰኔ ሃያ፣ በገበያው ቀን፣ በጓድ ማሩ ፊት በሕዝብ ስብሰባ ሂስ ተደርጎበት ወደ መተማ እንዲዛወር ሐሳብ ቀረበ። እቴነሽ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ጋቢውን አጣጥፋ ካስቀመጠች በኋላ በመተማ ሙቀት ምን ያደርግለታል ብላ መልሳ አወጣችው፤ እሱን ይዛ አለቀሰች።

ሰኔ ሃያ ገበያው ሞላ። የገሳይ ሰዎች ገብስና ድንች ይዘው ከማለዳ ጀምሮ ገብተዋል፤ ወሬውም አብሯቸው ገብቷል። ያ መርዝ በማግሥቱ ሲነጋ ከቦዩ የጠጡ ሁለት በጎችንና ያን ባለ በርሜል አህያ ገድሎ ነበር። እመት አበበች ለጨርቅ ነጋዴው ለጀማል፣ ለገዢውም ለሻጩም፣ «ስብሰባ ሲሉ ብትሰሙ መርዝ ፈሷል ማለት ነው፤ እኛን ያተረፈን እሱ ነው» እያሉ ሲያስጠነቅቁ አረፈዱ። አምስት ሰዓት ሲሆን የድምፅ ማጉያው ተከፈተ። «አስቸኳይ ስብሰባ ስላለ...» አለ። ቀሪውን የሰማ የለም።

ገበያው ባንድ ጊዜ ተነሣ። ጀማል ጣቃውን ተሸክሞ ሲሮጥ ግማሹ ከኋላው እየተተረተረ ነበር። እስረኛና ጠባቂው እጅ ለእጅ ተያይዘው አለፉ። ነፋሱን የወሰኑት የኮሚቴ አባላት እንኳ ጣታቸውን አርሰው አየሩን ከፈተኑ በኋላ ወደ ፎገራ ሲሮጡ ታዩ። መድረኩ ላይ ሦስት ሰው ቀረ፤ ጓድ ማሩ፣ ጓድ ጌጡና ተከሳሹ።

ጓድ ማሩ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ፣ «ይህ ምንድነው፣ ጓድ ጌጡ?» አሉ።

የጓድ ጌጡ አፍ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቀ። ዘውዱ አዘነላቸውና ለቁጥጥሩ ከካዝና የወጣውን ዕቅድ ገለጠ። «አንቀጽ አሥራ አራት ነው፣ ጓድ። ሕዝቡ በሁለት ሰዓት ከተማውን ይለቃል ይላል።»

«አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀው» አሉ ጓድ ማሩ፤ ጓድ ጌጡንም አቅፈው ሳሙ። እንዲህ ያለ በተግባር የተፈተነ ዕቅድ በሌላ ቦታ አላዩም። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ደጋ ላይ በብርድ ሊበላሽ እንደማይገባም ተናገሩ። በዚያው ሳምንት ጓድ ጌጡ፣ ዕቅዳቸውን ለሕዝቡ እንዲያስተምሩ፣ በዕድገት ወደ መተማ ተዛወሩ። የዘውዱ ጉዳይ ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ተዘጋ።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጓድ ጌጡ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መዝገብ ቤት ገቡ። «ዘውዱ፣ ወንድሜ» አሉ። «እኔ እኮ ቆላ አይስማማኝም። ይግባኝ የሚባል ነገር የለውም?»

ዘውዱ ደንቡን አገላብጦ አየ። ይግባኝ አለው፤ የሚታየው ግን በሕዝብ ስብሰባ ነው።

«እንግዲያው ጥራልኝ» አሉ ጓድ ጌጡ።

ዘውዱ የታዘዘውን የማይፈጽም ሰው አልነበረም። ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ፣ አጀንዳውን ሳይረሳ፣ በሙሉ ድምፁ ጠራላቸው። ከዚያ ሰዓቱን እያየ በረንዳው ላይ ቆመ፤ ከተማው ጭር ሲል ገብቶ ቃለ ጉባኤውን ጻፈ። «ተሰብሳቢ፦ የለም። ውሳኔ፦ ይግባኙ አልታየም። የወሰደው ጊዜ፦ አሥራ አምስት ደቂቃ። ዕቅዱ በሁለት ደቂቃ ተሻሽሏል።»