ዚፑን ያዩት እትዬ አስካለ

ፊልም እያየ የሚያለቅስ ሰው ታውቃላችሁ። ፊልም እያየ ስፌት የሚቆጣጠር ሰውስ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑት ልብስ ሰፊዋ እትዬ አስካለ ገጥመውኛል።

አንድ እሑድ እሳቸው ቤት ተሰብስበን በቴሌቪዥን የጥንት እንግሊዞችን የፍቅር ፊልም እናያለን። የልጃቸው የሄለን ጓደኛ ዳዊትም ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥቷል። ጋብቻ ሊጠይቅ መምጣቱን ከእናትየው በቀር ሁላችንም እናውቃለን። ፊልሙ ላይ መስፍኑ ልጅቷ ፊት ተንበረከከ። ዳዊትም ከእሱ ድፍረት አግኝቶ መሰለኝ፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር...» ብሎ ጀመረ።

«ዚፕ!» ብለው ጮኹ እትዬ አስካለ። «ቀሚሷ ከጀርባው ዚፕ አለው! በዚያ ዘመን ዚፕ ከየት መጣ?»

«ማም፣ ፕሊስ!» አለች ሄለን።

ዳዊት ደንግጦ ሻዩን ሱሪው ላይ ደፋው። እትዬ አስካለ ሊጠርጉለት ጎንበስ ሲሉ የሱሪውን ጫፍ ገልብጠው አዩ።

«ይህን ማን ሰፋልህ?»

«እኔው ነኝ፣ በእጄ።»

መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት።

«የክሩ ቀለም ከጨርቁ ጋር አንድ ነው፤ ስፌቱም በውጭ አይታይም» አሉና ቀና አሉ። «በል ሽማግሌ ላክ እንጂ! እስከ መቼ ነው የምጠብቅህ?»