ኮት የያዘው ፈቃድ

የጋራ ነገር ባለቤት የለውም ሲሉ አትመኑ። የብቸናና የሞጣ ቢሮዎቻችን ደብዳቤ የሚጽፉት ሞጣ ባለ አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ዋና ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ፕሮግራም ነው፤ የፕሮግራሙ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ለአምስት ሰው ብቻ ነው። ከአምስቱ ቦታ የአንዱ ባለቤት የሞጣው አቶ ሙሉዓለም ናቸው፤ ኮታቸውን ወንበር ላይ፣ ፕሮግራሙን እንደተከፈተ ትተው ለቅሶ ይሄዳሉ።

አንድ ቀን የብቸናው ዘበኛችን የጡረታ ደብዳቤ እስከ ስድስት ሰዓት መላክ ነበረበት። ፕሮግራሙ ግን አምስቱም ቦታ ተይዟል ብሎ አላስገባ አለን። ጸሐፊያችን ወይዘሮ የሺ ሰርቨሩን ለሚጠብቀው ልጅ ሞጣ ደወሉ።

«አቶ ሙሉዓለም አሉ?»

«ኮታቸው አለ።»

«ኮት ደብዳቤ ይጽፋል፣ ወንድሜ? እሱ ይቀመጥ፤ እሳቸውን ከፕሮግራሙ አስወጣልኝ።»

አስወጣቸው። ደብዳቤው ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተላከ፤ ዘበኛው በሩን ለወይዘሮ የሺ እንደ ሚኒስትር ከፈቱላቸው።

እናንተም ለቅሶ ስትሄዱ ኮታችሁን ተዉት፤ ፕሮግራሙን ግን ዝጉ።