ሽማግሌ የሰቀለው ኮንክሪቴ

ጓደኞቼ፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሳቁ፣ ተፈቅዷል!

እንደምታውቁት ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። ዲላ ያለው የአባቴ ቤት ደግሞ ዳገት ላይ ነው። ዝናብ ከጣለ እንኳን መኪና ፍየልም አይወጣው። ስለዚህ ከመንገዱ እስከ ግቢው በር የኮንክሪት መውጫ ዲዛይን አደረግኩለት።

ኩራቴን ብታዩ! ጎማ እንዲይዝ ላዩን በመጥረጊያ አስጫርኩት። የውሃ መውረጃም አለው። በባጃጅ ሞከርኩት፣ ሽቅብ በረረች።

ኦኬ!

ዛሬ የፍቅረኛዬ የብሩክ ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከጨለለቅቱ ከተማ መጡ። ብሩክን በጣም እወደዋለሁ፤ አባቴ ግን "ይታያል" ከማለት አላለፈም።

ደንቡን ታውቃላችሁ። ልጅቷ ጓዳ ትደበቃለች። ሽማግሌዎቹ አባት እሺ ብሎ "ተቀመጡ" እስኪላቸው ይቆማሉ።

የኔዎቹ ለክብር ብለው ዝቅ ያለች ረጅም የቤት መኪና ተውሰዋል።

ባጃጅ አይደለችም!

ዳገቱን ወጥታ አናቱ ላይ ስትደርስ ቋ! ሆዷ ኮንክሪቱ ላይ ተቀመጠ፤ የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ ቀሩ።

በጓዳው መስኮት እያየሁ ገባኝ። ዳገቱ ሲያልቅ ቀስ እያለ ወደ ሜዳው መጉበጥ ነበረበት። እኔ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አጋጥሜ ጨረስኩ ብያለሁ!

የብሩክ አጎት ጋሽ ታደሰ ከፊት ወንበር አንድ እግራቸውን አወጡ። መኪናዋ ወደ ኋላ ዘመም አለች። ከኋላዋ ቁልቁለቱ፣ ከዚያ የጎረቤት እንሰት።

በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ። "እንዳትወርዱ! ተቀመጡ! በእግዜር ሁላችሁም ተቀመጡ!"

ሰፈሩ ሰማ። በረንዳ ላይ የቆመው አባቴም ሰማ።

ጋሽ ታደሰ እግራቸውን መለሱና በመስኮቱ ብቅ አሉ። "ወንድሜ፣ እኛ ቆመን ልንለምን ነበር የመጣነው። ልጅቷ ግን ተቀመጡ ብላናለች!"

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ጎረቤት ተሰብስቦ መኪናዋን ገፍቶ አስገባት። አባቴ ኮንክሪቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቁን መያዝ አቃተው። "እሷ ያስቀመጠቻችሁን እኔ ላስነሳ ነው? እሺ ብያለሁ፣ ግቡ" አለ።

ጓዳ ተመልሼ አለቀስኩ። በደስታ ነው፣ አትጨነቁ።

አሁን አባቴ "ሠርጉ ሳይደርስ ያንን ጉድሽን አፍርሺው" ብሏል። እስቲ ኢንጂነሮች ምከሩኝ፦ ላፍርሰው ወይስ ብሩክ ሐሳቡን ቀይሮ ሊያመልጥ ቢል መኪናውን እንዲይዝልኝ ልተወው?