ለየትኛው ሥራ እንደተጠራሁ ሳላውቅ ኢንተርቪው ገባሁ

ዛሬ ራሴን እንዴት እንዳዋረድኩ ልንገራችሁና ሳቁብኝ። ለብቻዬ ይዤው መዋል አልቻልኩም!

(ዘመድ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ ግን ባካችሁ ለአባቴ ወገን አታድርሱብኝ።)

ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ጫልቱ ደጅ ተቀምጬ ፀጉሬን እየተሠራሁ ነበር። ጫልቱ ጎረቤቴም ጓደኛዬም ናት። አዳማ ውስጥ እንደሷ ሹሩባ የሚሠራ የለም፤ ወሬዋም እንደዛው። ስለዚህ ሥራው ቀስ ይላል። የቀኙ በኩል አልቋል፤ ግራው ገና ተፈትቶ ጎፈሬ ሆኖ ቆሟል።

ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ሃሎ፣ ጽዮን ነሽ? ከ... (ክርርርር)... ነው የምንደውለው። ላመለከትሽበት ቦታ ለኢንተርቪው ተመርጠሻል። ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል። አዲሱ ሆቴል... (ክርርርር)... አራተኛ ፎቅ። ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ!"

ተዘጋ።

አሁን እናንተ "ከየት ነው ብለሽ ለምን አልጠየቅሽም?" ልትሉኝ ነው። አውቃለሁ! ጫልቱም ማበጠሪያዋን አየር ላይ አንጠልጥላ ልክ እንደዛ ብላኛለች።

ግን ስሙኝ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በፉድ ሳይንስ፣ ያውም በጥሩ ውጤት። ማስታወቂያ ባየሁበት ሁሉ አመልክቻለሁ። ፋብሪካ፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ለእንስሳት ሐኪም ረዳትነት! (ዶሮ እፈራለሁ።) እስቲ ንገሩኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቃችሁት ስልክ ሲደወል "ማን ልበል?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

እኔ የፈራሁት "ይቅርታ፣ ቁጥር ተሳስተን ነው" እንዳይሉኝ ነው።

"ሆቴል" የምትለዋን ሰምቻለሁ። በቅርቡ የሚከፈተው አዲሱ ሆቴል ደግሞ ለእንግዳ ተቀባይነት ሲቪ አስገብቻለሁ። በቃ! ነገሩ ገጠመ።

የቀረኝ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው።

"ግራውን ጨርሽልኝ!"

"በአንድ ሰዓት? ማሽን አረግሽኝ እንዴ?" አለች ጫልቱ። ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታ እኔ ላይ አሰረችው። የቀኙ ተኛ። የግራው እምቢ አለ፤ በዛ በኩል ትራስ የወሸቅኩ መሰልኩ።

"ያምራል" አለችኝ። ዓይኔን ግን አላየችም።

ቤት ሮጥኩ። እማዬ ወሬውን ስትሰማ አልጮኸችም፣ አላቀፈችኝም። ዕድሜዋን ወንጂ አገዳ እርሻ ላይ የጨረሰች ሴት ናት፤ ነገር ሲመጣባት ከአፏ በፊት እጇ ይንቀሳቀሳል። ጥቁሩን ጉርድ ቀሚሴን ከሻንጣ አወጣች። እንደ ተጨመደደ ወረቀት ሆኗል። ካውያ ሰካች።

መብራት ሄደ።

በዛች ደቂቃ! ሌላ ቀን አጥቶ!

ከዛ እናቴ ያደረገችውን መቼም አልረሳውም። ጉርዱ ላይ ውሃ ረጨት ረጨት አደረገች፣ ወንበር ላይ አስተካክላ አነጠፈችው፣ ተቀመጠችበት። "አንቺ ታጠቢ፤ እኔ እየተኮስኩ ነው" አለችኝ። ኮስተር ብላ!

ሃያ ደቂቃ አልተነሳችም። ጎረቤት ከውጭ ሲጠራት እንኳን "ሥራ ላይ ነኝ!" ብላ ነው የመለሰችው።

ጉርዱ ተስተካክሏል። ትንሽ ይሞቅ ነበር እንጂ።

ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩና ስልኬን ከፍቼ ስለ እንግዳ አቀባበል የሚያስተምር ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ሹፌሩ ሸበቶ ሰው ናቸው። ድምፁን ሰምተው በመስታወት አዩኝ።

"ኢንተርቪው ነው?"

"አዎ ጋሼ። ሆቴል።"

"በይ እኔ እንግዳ ልሁን።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዛ በሙሉ ድምፃቸው፦ "ምንድነው ይሄ ነገር! ክፍሌ ውስጥ ውሃ የለም!"

አስፋልት የሚሻገር ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

"በጣም ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁኑኑ..."

"ፈገግ በይ! እያየሁሽ ነው!"

ፈገግ አልኩ።

"እሱ የጥርስ ሕመም ነው። እንደገና!"

እስክንደርስ ድረስ ሰውየው ያልሆኑት እንግዳ የለም። የተናደደ ነጋዴ ሆኑ። ሻንጣው የጠፋበት ፈረንጅ ሆኑ። አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሙሽራ ሆነው አበባ አልተዘጋጀልኝም ብለው ወቀሱኝ። ስወርድ "ጀባዹ!" አሉኝ፤ በርቺ ማለታቸው ነው።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዛ ባጃጅ ስወርድ በከተማው እኔን የሚያክል እንግዳ ተቀባይ አልነበረም።

ሆቴሉ ገና አልተከፈተም። ጥበቃውን ስለ ኢንተርቪው ብጠይቀው "እሱ ፊት ለፊት ነው፣ ሰዎች ሲገቡ አይቻለሁ" ብሎ ማዶ ያለውን ሕንፃ አሳየኝ። እስኪከፈት ቢሮ ተከራይተው ይሆናል አልኩ። ለራሴ ምክንያት በመፍጠር የሚያህለኝ የለም!

አራተኛ ፎቅ ኮሪደሩ ላይ አራት ሰዎች ፋይል አቅፈው ተቀምጠዋል። አንደኛው ነጭ ጋውን በክንዱ አንጠልጥሏል።

ነጭ ጋውን!

ሼፍ ነው ብዬ አለፍኩት።

ስሜ ተጠራ። ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። መሃል ላይ መነፅር ያደረጉ ሴት፤ ወይዘሮ ሰናይት ይባላሉ። በቀኛቸው ሸምገል ያሉ ኢንጂነር፣ በግራቸው ላፕቶፕ የያዘ እኩያዬ የሚሆን ልጅ።

"እስቲ ራስሽን አስተዋውቂን።"

"ጽዮን እባላለሁ። ከሰው ጋር መግባባት በጣም እወዳለሁ። ፈገግታ የሥራው ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ።" ከዛ ፈገግ አልኩ። ባጃጁ ውስጥ ብዙ የለፋንበትን፣ የመጨረሻውን።

ልጁ ጻፈ። ወይዘሮ ሰናይት ሲቪዬን ገለጥ አድርገው እንደገና አዩት። ኢንጂነሩ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ።

"ጠዋት ስትገቢ አንድ ሙሉ መኪና ከመቂ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?"

ከመቂ! ሐይቅ አይተው የሚመለሱ ጎብኚዎች ናቸው አልኩ በሆዴ። ይቺን ተለማምጃታለሁ!

"በፈገግታ 'እንኳን ደህና መጣችሁ' እላለሁ።"

ኢንጂነሩ ወይዘሮ ሰናይትን አዩ።

"እሺ። ከዛስ?"

"ፀሐይ ላይ ስለቆዩ ቀዝቃዛ ጁስ አቀርባለሁ።"

"ለማን?"

"ለሁሉም! ከዛ የደከማቸውን ለይቼ ቶሎ ክፍላቸው አስገባለሁ። ሕፃናት ካሉ ደግሞ ቅድሚያ..."

ኢንጂነሩ እስክሪብቷቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"ልጄ፣ እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ቲማቲም ነው።"

ቲማቲም።

ቲ-ማ-ቲ-ም!

የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ ነው ጎበዝ! ከስምንት ወር በፊት ለጥራት ቁጥጥር ያመለከትኩበትና ጨርሶ የረሳሁት! ከሆቴሉ ፊት ለፊት ነው ያሉኝ ለካ! "ፊት ለፊት" የምትለዋን ኔትወርክ በላት!

ልጁ ከላፕቶፑ ኋላ ተሰወረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ብቻ ይታየኛል። ደንግጬ ቀና ስል ሻሹ ከራሴ ላይ ተንሸራቶ ጭኔ ላይ ወደቀ።

ቀኝ ሹሩባ፣ ግራ ጎፈሬ።

ሦስቱም አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

ተነስቼ ልወጣ ሻሹን ከጭኔ ላይ አነሳሁ። እናቴ ጉርዱ ላይ ኮስተር ብላ የተቀመጠችው መጣብኝና እንባዬ ግጥም አለ። ሌላ የምለው ስለጠፋኝ እውነቱን ተናገርኩ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ። ስልኩ ሲቆራረጥ ከየት እንደሆነ አልሰማሁም። እንዳትተዉኝ ፈርቼ አልጠየቅኩም። የተዘጋጀሁት ሆቴል ውስጥ ለእንግዳ ተቀባይነት ነበር።"

ወይዘሮ ሰናይት መነፅራቸውን አወለቁ። አሁን ሂጂ ሊሉኝ ነው አልኩ። እሳቸው ግን የውሃ ጠርሙስ ወደኔ ገፋ አደረጉ።

"ጠጪ። ሻሽሽንም እሰሪ፣ እንጠብቅሻለን። ከዛ ከመጀመሪያው እንጀምር። ቲማቲሙ በር ላይ ነው።"

ኧረ እግዜር ይስጣቸው!

ጠጣሁ። አሰርኩ። ከዛ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተማርኩት ሁሉ የት ተደብቆ እንደቆየ እንጃ፣ ተግተልትሎ መጣ።

ከላይ ያለውን ሳጥን አላምንም አልኳቸው። ከላይ የሚደረደረው ሁሌም ቆንጆ ቆንጆው ነው፤ ከመሃልም ከታችም አስወርጄ ናሙና እወስዳለሁ። ስንት ሰዓት እንደተጫነ ሹፌሩን እጠይቃለሁ፤ ከታች ያለው በሙቀት ተጨፍልቆ ውሃ መልቀቅ ከጀመረ ሻጋታው ሩቅ አይደለም። ቅላቱን አያለሁ፣ የስኳሩን መጠን እለካለሁ። የተበላሸው ከልኩ ካለፈ መኪናውን እመልሳለሁ።

"ሹፌሩ ቢጮህብሽስ?" አሉ ኢንጂነሩ።

"ጁሱን ያኔ ነው የምሰጠው።"

ኢንጂነሩ ጮክ ብለው ሳቁ። ልጁማ ገና ከመጀመሪያው ሳቁም አልተመለሰም ነበር።

"ውጭ ጠብቂ" ተባልኩ። አምስታችንም እስከ ስድስት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። በመጨረሻ የተጠራው ነጭ ጋውን የያዘው ልጅ ነው። ሼፉ! ላብራቶሪ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቷል አሉ። ቦታው የሱ ሆነ።

አልዋሻችሁም፣ ቀናሁበት። ተነስቼ "እንኳን ደስ አለህ" ብዬ ጨበጥኩት። "ስምንት ወር ነው የጠበቅኩት" አለኝ። እሱም ለካ እንደኔ ስልክ ሲጠብቅ የከረመ ነው።

ደረጃውን ልወርድ ስል ወይዘሮ ሰናይት ጠሩኝ።

"የቲማቲም ወቅት እየገባ ነው። በር ላይ ናሙና የሚወስድ ሰው እንፈልጋለን። የሦስት ወር ኮንትራት ነው፤ ከዛ በኋላ ላለው ቃል አልገባልሽም። ትፈልጊያለሽ?"

"እፈልጋለሁ!" አልኩ። ሁለት ደረጃ ወረድኩ። ተመለስኩ። "ይቅርታ እትዬ... የድርጅቱ ስም ማን ነበር?"

ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። ቀስ ብለው፣ እየቆረጡ፣ ለሕፃን እንደሚነገር።

ቤት ስደርስ እማዬ በር ላይ ቆማለች። ውሎዬን ስተርክላት ጁሱ ጋ ስደርስ መሳቅ ጀመረች፤ ሻሹ ሲወድቅ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ግን ዋናውን ነገር ወደ መጨረሻ አቆይቼው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰፈሩ "ልጄ ልትቀጠር ነው" ስትል የከረመች እናት ናት።

"ግን ቋሚ አይደለም እማዬ። ሦስት ወር ብቻ ነው።"

ሳቋን አቆመች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"እኔም ወንጂ የገባሁት ለአንድ የአገዳ ወቅት ነበር" አለችኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ ነው የወጣችው።

በቃ፣ ሰኞ እጀምራለሁ። ከዚህ ሁሉ ምን ተማርሽ ካላችሁኝ፣ ስልክ ሲቆራረጥባችሁ "አልተሰማኝም" በሉ። የፈለጋችሁ ሰው ይደግምላችኋል፤ ስለጠየቃችሁት አይተዋችሁም።

እንዲህ ብዬ እመክራለሁ እንጂ ነገ የማላውቀው ቁጥር ደውሎ "(ክርርርር)... ትመጫለሽ?" ቢለኝ መጀመሪያ ምን የምል ይመስላችኋል?